ከደጅ ጥናት ወደ ነጥብ፦ የመንግሥት ሥራ ደረጃና ደመወዝ ታሪክ ከአርብ ገበያ ሲታይ

የዛሬው ጽሑፋችን ረዘም ይላል። ሥራ ለምትፈልጉም፣ ሥራ ይዛችሁ ዕድገት ለምትጠብቁም ይጠቅማል ብለን ስላሰብን ሳንቆራርጥ አቅርበነዋል።

አርብ ገበያ የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟ ራሱ ስለ ገበያዋ ይናገራል። እንዲህ ባለ የወረዳ ከተማ የገጠሩ ሰው እህሉን ሸጦ፣ ዘይትና ጨው ሸምቶ፣ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ካለውም በዚያው ጨርሶ ይመለሳል። ተምሮ ሥራ የሚጠብቀው ወጣት ግን አንድ ተጨማሪ የሚቆምበት ቦታ አለው፤ እሱም የማስታወቂያ ሰሌዳው ነው። የወረቀቱን ቅርጽ ሁላችንም እናውቀዋለን፦ የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ደረጃ፣ ደመወዝ፣ ተፈላጊ የትምህርት ዝግጅትና የሥራ ልምድ፣ ብዛት 1።

ያ "ደረጃ" የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ደመወዙን ማን ወሰነው? ሁለት ሰዎች ለአንድ ቦታ ሲወዳደሩ አንዱ የሚያልፈው በምንድን ነው? ብዙ ወጣቶች መልሱ "ሰው ካለህ ነው" የሚል ይመስላቸዋል። ታሪኩን ስናየው ግን ያቺ ቁጥር የተፈጠረችው "ሰው ካለህ" የሚለውን አሠራር ለማስቀረት ነው። ባጭሩ፣ የደረጃ ታሪክ መለኪያውን ከሰውየው ላይ አንስቶ በሥራው ላይ ለማኖር የተደረገ ረጅም ትግል ነው። ትግሉም ገና አላለቀም።

ደመወዝ ያልነበረው ሹመት

በጥንቱ ቤጌምድር፣ ጋይንትም ስማዳም እስቴም ባሉበት አገር፣ ሹም የሚተዳደረው በወር ደመወዝ ሳይሆን በጉልት ነበር። ጉልት መሬቱን ራሱን መያዝ አይደለም፤ መሬቱ የባለ ርስቱ ነው። ጉልተኛው የሚያገኘው ከዚያ መሬት የሚወጣውን ግብር ወይም ከፊሉን፣ የገበሬውን የጉልበት አገልግሎትና ከዳኝነት የሚገኘውን ገቢ ነው። አገር የተሰጠው ሰው ደመወዙን ራሱ ከገበሬው ይሰበስባል ማለት ነው።

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውን ተረት ዛሬ የምናነሳው ሌብነትን ለመውቀስ ነው። ተረቱ የወጣው ግን ሹመት ራሱ ደመወዝ ከነበረበት ኑሮ ነው። ሹሙ ነገ ይሻር አይሻር አያውቅም፤ ጡረታ የለውም፤ ደረጃ የለውም። ስለዚህ ቶሎ መብላት የሥርዓቱ ባሕርይ ነበር። ዕዳውን የሚከፍለው ገበሬው ነው።

ዕድገቱስ? እሱ በደጅ ጥናት ነበር። ሹመት የሚፈልግ ሰው በጌታው ደጅ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይጠብቃል። ፊቱ እንዲታወቅ፣ ስሙን የሚያነሳለት ሰው እንዲያገኝ፣ ለአጋፋሪውም እጅ መንሻ እንዳይጎድልበት ይደክማል። ጀግንነትም ሆነ ችሎታ ጨርሶ አይቆጠርም ነበር ማለታችን አይደለም። ይሁን እንጂ ሚዛኑ በአንድ ሰው እጅ ነበር፤ ያ ሰው ሲቆጣ ወይም ሲሞት ሚዛኑም አብሮ ይለወጣል።

በዚህ አገር ሥራው የሚጠይቀውን ችሎታ አይቶ መሾምም ነበር። በጎንደር ዘመን የንግድ ቀረጥን የሚቆጣጠረው የነጋድራስነት ሥራ ብዙ ጊዜ በሙስሊም ነጋዴዎች እጅ ይገባ ነበር፤ መንገዱን፣ ዋጋውንና ሸቀጡን የሚያውቁት እነሱ ስለነበሩ። በሌላ በኩል ከበሽሎ ወንዝ ማዶ ወሎ ውስጥ፣ በ1870 ዓ.ም በቦሩ ሜዳ የተደረገው ጉባኤ የተቃራኒው ምሳሌ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሹመት ያላቸውን ሙስሊሞች ወይ ሃይማኖታቸውን ወይ ሹመታቸውን እንዲመርጡ አደረጉ። የወሎው ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል የተባሉት፣ ኢማም አመዴ ሊበንም ደጃዝማች ኃይለ ማርያም የተባሉት በዚያ ጊዜ ነው። ይህንን የምናነሳው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። መለኪያው ሰውየው ሲሆን፣ ሥራውን መቻል አለመቻል ሁለተኛ ጥያቄ እንደሚሆን ስለሚያሳየን ነው።

ጥያቄው የእኛ ብቻ አልነበረም

ለማን ምን ያህል ይከፈል የሚለው ጥያቄ መንግሥት ባለበት ሁሉ ያለ ነው። በእስልምና ታሪክ ኸሊፋ አቡበክር (ረ.ዐ) ለሕዝቡ የሚከፋፈለውን ገንዘብ ለሁሉም እኩል ሰጡ። ከእሳቸው በኋላ ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) በ20ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ ዲዋን የሚባለውን መዝገብ አቋቁመው ክፍያውን በደረጃ አደረጉት፤ ወደ እስልምና የቀደመና በበድር የዘመተ የበለጠ ያገኝ ነበር። ሁለቱም ታላላቅ ሰዎች ናቸው፤ በመለኪያው ግን ተለያዩ። በዘመናችን "እኩል ይከፈል ወይስ በደረጃ?" እየተባለ የሚነሳው ክርክር ያኔም ነበር ማለት ነው።

ከዲዋኑ ታሪክ የአንዱን ክፍያ ነገር ልብ በሉ። ዑመር ለኡሳማ ኢብኑ ዘይድ ከገዛ ልጃቸው ከዐብደላህ የበለጠ መደቡ። ልጃቸው ለምን ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ኡሳማም አባቱ ዘይድም ከእሱና ከአባቱ ይልቅ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ የተወደዱ እንደነበሩ ነገሩት። መለኪያው አስቀድሞ ታውቆ ስለነበር የኸሊፋው ልጅ እንኳ ምክንያቱን ጠይቆ መልስ አገኘ። መለኪያውን ያወጣው ሰው በራሱ ቤተሰብ ላይም ሠራበት።

በአሜሪካ ደግሞ ምርጫ ያሸነፈ ፓርቲ የመንግሥት ሥራን ለደጋፊዎቹ ያድል ነበር። እዚያም ደጅ ጠኚ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 ሹመት ፈልጎ ያጣው ቻርልስ ጊቶ የተባለ ሰው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድን ተኩሶ መታቸው፤ እሳቸውም ከወራት በኋላ ሞቱ። በ1883 የወጣው የፔንድልተን ሕግ ለተወሰኑ የመንግሥት ሥራዎች ቅጥር በፈተና እንዲሆን አደረገ። አሜሪካም እዚህ የደረሰችው ዋጋ ከፍላ ነው።

ፊደልና ቁጥር የተሰጠው ሥራ

ወደ አገራችን እንመለስ። አፄ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም 9 ሚኒስትሮችን ሾመው የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችን መሠረቱ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ የጠቅላይ ግዛትና የአውራጃ ገዢዎች በማዕከል ተሹመው ደመወዛቸውን ከመንግሥት ግምጃ ቤት እንዲያገኙ አደረገ። ሹሙ ከገበሬው ሳይሆን ከመንግሥት መብላት ጀመረ ማለት ነው፤ ቢያንስ በወረቀት። በታችኛው እርከን ያሉት እንደ አጥቢያ ዳኛ ያሉ ሹሞች ግን ያለ ደመወዝ ቆዩ፤ ጉልትም በሕግ የቀረው በ1958 ዓ.ም ነው። እስከዚያ ድረስ ሁለቱ ሥርዓቶች ጎን ለጎን ኖሩ።

ትልቁ ለውጥ በ1954 ዓ.ም መጣ። በዚያ ዓመት በትእዛዝ ቁጥር 23 አንድ ማዕከላዊ የሠራተኞች መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ በ1955 ዓ.ምም የመጀመሪያው የመንግሥት ሠራተኞች ደንብ ወጣ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በራሱ መንገድ ይቀጥርና ይከፍል ስለነበር ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ሁለት ጸሐፊዎች በሁለት መሥሪያ ቤቶች የተለያየ ደመወዝ ሊያገኙ ይችሉ ነበር።

ከዚያም በ1964 እና 65 ዓ.ም ገደማ የሥራ መደቦች ምደባና የደመወዝ ስኬል ተሠራ። ታላላቆቻችንን ብትጠይቁ ፊደሎቹን ያስታውሷቸዋል። "ፕሳ" የፕሮፌሽናልና ሳይንስ፣ "መፕ" የመለስተኛ ፕሮፌሽናል፣ "አስ" የአስተዳደር፣ "ጽሂ" የጽሕፈትና የሂሳብ፣ "እጥ" የእጅ ጥበብ፣ "ጥጉ" ደግሞ የጥበቃና የጉልበት ሥራ ነው። በየፊደሉ ሥር ቁጥር አለ፤ አንዱ "ጽሂ 8 ነኝ" ሲል ሌላው ደመወዙን መገመት ይችል ነበር። እነዚህ ፊደሎች ከንጉሡ ዘመን አልፈው በደርግም በኢሕአዴግም ጊዜ ለአሥርተ ዓመታት በማስታወቂያ ሰሌዳዎቻችን ላይ ኖረዋል።

ፊደሎቹ ይዘውት የመጡት ሐሳብ ግን ከፊደሎቹ ይበልጣል። ደረጃው የመደቡ ነው፤ የሰውየው አይደለም። በመደቡ ላይ ማንም ይቀመጥ ማን፣ የማንም ልጅ ይሁን፣ ደመወዙ አንድ ነው። ይህ ለደጅ ጥናት ትልቅ ምት ነበር።

1966፦ የመምህራን የካቲት፣ የሙስሊሞች ሚያዝያ

ስኬል ወጣ ማለት ፍትሕ ሰፈነ ማለት አልነበረም። በየካቲት 1966 ዓ.ም የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ሥራ ማቆም መታ። አንዱ ጥያቄ የደመወዝ ነበር፤ ሌላው የትምህርት ሴክተር ሪቪው የተባለው ጥናት እንዲቀር ነው። አብዮቱን ካቀጣጠሉት ነገሮች አንዱ የመንግሥት ሠራተኛ የደመወዝ ጥያቄ እንደነበረ ብዙ ሰው ዘንግቶታል።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም፣ ሙስሊሞች በአዲስ አበባ ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ አደረጉ። ብዙ ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረው ወጡ። "በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች" መባል ቀርቶ "ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች" እንዲባሉ፣ በዓላቶቻቸው እንዲከበሩ፣ በመንግሥት ሥራም በእኩልነት እንዲሳተፉ ጠየቁ። በቦሩ ሜዳ የተዘጋው በር ከ96 ዓመት በኋላ በአደባባይ ተንኳኳ። መምህራኑ "ለሥራችን የሚገባው ይከፈለን" አሉ፤ ሰልፈኞቹ "ለሥራው እኩል እንታይ" አሉ። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ሥር አላቸው፤ መለኪያው ሥራው ይሁን የሚል ነው። በደርግ ዘመን የሙስሊም በዓላት የመንግሥት በዓላት ሆኑ። ዛሬ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አርብ ቀን ከ5:30 እስከ 7:30 ለምሳና ለጁምዓ ሰፋ ያለ ዕረፍት መስጠታቸውም የእኩልነቱ አንድ ምልክት ነው።

የተቆለፈ ደመወዝ፣ የፓርቲ ደብተር

ደርግ ባላባትን ሻረ። የመንግሥት ሠራተኛው ዝቅተኛ ደመወዝ በወር 50 ብር ሆኖ ለረጅም ጊዜ ቆየ፤ የከፍተኛው ሠራተኛ ደመወዝም እምብዛም ሳይንቀሳቀስ ዋጋው ብቻ እየናረ ሄደ። ኢሠፓ ሲመሠረት ደግሞ የፓርቲ አባልነት ለከፍተኛ ቦታ ትልቅ መወጣጫ ሆነ። ደጅ ጥናቱ ከጌታ ቤት ወደ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ተዛወረ ብንል አልተሳሳትንም።

ከ1983 ዓ.ም በኋላ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደነገገ። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጆችም በ1994፣ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም ተከታትለው ወጡ፤ በ2017 ዓ.ምም አዲስ የፌደራል አዋጅ ተተካ። በእነዚህ ሕጎች ቅጥርና ዕድገት በችሎታ ውድድር እንዲሆን፣ በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖትና በፖለቲካ አመለካከት ልዩነት እንዳይደረግ ተጽፏል። ተቀራራቢ ውጤት ሲገኝ ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች ቅድሚያ የሚሰጥበት ድንጋጌም አለ። አንብባችሁ ካላወቃችሁት ግን ወረቀቱ በመሳቢያ ውስጥ እንዳለ ነው።

ለአርብ ገበያ ትልቁ ለውጥ በ1994 ዓ.ም የመጣው የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር ነው። ወረዳ የራሱን ጥቅል በጀት ይዞ መቅጠርና ማሳደግ ጀመረ። መልካም ነገር ነው፤ ውሳኔው ቀረበ። ነገር ግን የወረዳ መዋቅር እንደ ጎጆ ቤት ነው፤ ከታች ይሰፋል፣ ከላይ ይሾላል። ባለሙያው ብዙ፣ የቡድን መሪው ጥቂት፣ ኃላፊው አንድ ነው። ክፍት መደብም በጀት ካልተያዘለት ማስታወቂያ አይወጣለትም። ለዚህ ነው ከፍ ማለት የሚፈልግ ብዙ ሰው ዓይኑን ወደ ደብረ ታቦርና ባሕር ዳር የሚጥለው።

22 ደረጃዎች

የፊደሎቹ ዘመን ያበቃው በቅርቡ ነው። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው የሥራ ምዘናና ደረጃ ምደባ፣ ሠራተኛው "ጄኢጂ" የሚለው፣ ሥራዎችን ሁሉ በነጥብ መዝኖ በ22 ደረጃዎች ደለደላቸው። ሥራው ምን ያህል ዕውቀት ይጠይቃል? ምን ያህል ኃላፊነት ይዟል? ምን ያህል ጥረት ይፈልጋል? በምን ሁኔታ ውስጥ ይሠራል? እያንዳንዱ መልስ ነጥብ አለው፤ የነጥቡ ድምር ደረጃውን ይወስናል።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላትን እንለይ። ደረጃ ወደ ላይ ነው፤ ከአንድ መደብ ወደ ከፍተኛ መደብ ተወዳድሮ ማደግ። እርከን ደግሞ እዚያው ደረጃ ላይ ሆኖ በአገልግሎትና በሥራ አፈጻጸም የሚገኝ የደመወዝ ጭማሪ ነው። ብዙ ወጣት "ማስተርሴን ጨረስኩ፣ ደረጃዬ ለምን አላደገም?" ብሎ ያዝናል። መልሱ ደረጃው የመደቡ ስለሆነ ነው። የትምህርት ማስረጃው ለከፍተኛው መደብ እንድትወዳደር በር ይከፍታል እንጂ በራሱ ደረጃ አያሳድግም። መምህራን ግን የራሳቸው መሰላል አላቸው፤ ከጀማሪ መምህርነት ተነስተው እስከ መሪ መምህርነትና ከዚያም በላይ እየተመዘኑ ይወጣሉ።

ቁጥሮቹንም እንያቸው። በፌደራል መንግሥት ይፋ በሆነው ስኬል በ2017 ዓ.ም ዝቅተኛው ደመወዝ ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ሲያድግ ከፍተኛው ከ20,468 ወደ 21,492 ብቻ አደገ። በ2018 ዓ.ም ደግሞ ዝቅተኛው 6,000፣ ከፍተኛው 39,000፣ የዲግሪ ጀማሪ 11,500 ሆነ። አስሉት፦ በላይኛውና በታችኛው መካከል የነበረው ልዩነት መጀመሪያ ከ18 እጥፍ በላይ ነበር፤ ከዚያ ወደ 4 እጥፍ ተኩል ወረደ፤ እንደገና ወደ 6 እጥፍ ተኩል ወጣ። የታችኛውን ከረሃብ ማዳንና የላይኛውን ባለሙያ ማቆየት፣ መንግሥት በሁለቱ መካከል ሲወዛወዝ ታያላችሁ። የአቡበክርና የዑመር (ረ.ዐ) ልዩነት እዚህም ያስታውሰናል።

ደጅ ጥናት ዛሬ የት ተደበቀ?

ነጥቡ ሥራውን ይመዝናል። መደቡ ላይ የሚቀመጠውን ሰው የሚመርጠው ግን ዛሬም ሰው ነው፤ ደጅ ጥናት የሚገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። ተፈላጊ ችሎታው ለአንድ የታወቀ ሰው ልክ ተሰፍቶ ሲወጣ፣ ማስታወቂያው ማንም ሳያየው ሲነሳ፣ "ተጠባባቂ" ተብሎ የተመደበ ሰው ዓመታት ሲቆይ፣ የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ለሁሉም ተመሳሳይ ተሞልቶ ቃለ መጠይቁ ብቻ ወሳኝ ሲሆን፣ ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ ሳይጣራ ሲያልፍ፣ ያኔ ቁጥሩ ቢኖርም ሥራው ተመልሶ በአጋፋሪው እጅ ነው። በ2016 ዓ.ም የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሠራተኞቹንና አመራሮቹን ሲፈትን ከሠራተኞቹ ግማሽ ያህሉ፣ ከአመራሮቹ ሲሶው ያህል ብቻ ማለፋቸው ተገልጿል። በወረቀት ያለው ደረጃና በእውን ያለው ችሎታ ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ ይህ ያሳያል።

የራሳችንንም ጥፋት እንናገር። አንዳንዶቻችን "ለእኛ አይሰጡንም" ብለን ሳንወዳደር እንቀራለን። ሌሎቻችን ደግሞ የዘመድ ኃላፊ ስናገኝ ያወገዝነውን ደጅ እኛው እንጠናለን። "የእኛ ሰው ስለሆነ ነው" ብለን የሌላውን ሐቅ ከወሰድን፣ በሚያዝያ 12 የተጠየቀውን እኩልነት እኛው አፈረስነው ማለት ነው። ሐቅ የሰው ነው፤ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ማስታወቂያውን ሙሉውን አንብቡ፤ ከቻላችሁ ፎቶ አንሱት፣ የወጣበትንና የሚያበቃበትን ቀን ያዙ። ሁለተኛ፣ የራሳችሁን ፋይል በቤታችሁ ያዙ፦ የቅጥር ደብዳቤ፣ የሥራ ልምድ፣ የየመንፈቁ የአፈጻጸም ውጤት፣ የሥልጠና ማስረጃ። የግል ማኅደር ይጠፋል፤ ቅጂ ያለው አይጠፋበትም። ሦስተኛ፣ የአፈጻጸም ነጥብ ሲሞላላችሁ ሳታዩ አትፈርሙ፤ ካልተስማማችሁ ምክንያታችሁን በጽሑፍ አስፍሩ፤ የዕድገት ቀን ሲመጣ የምትመዘኑት በዚያ ነው። አራተኛ፣ የተበደላችሁ ከመሰላችሁ በቡና ላይ ከማማት በፊት ለቅሬታ አጣሪ ኮሚቴው በጽሑፍ አቅርቡ፤ ካልሆነም የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት አለ። የማመልከቻው ጊዜ በቀናት የሚቆጠር አጭር ነው፤ ሲያልፍ እውነት ይዛችሁም ልትዘጉ ትችላላችሁ። አምስተኛ፣ ነገ በኮሚቴ ወንበር ላይ ስትቀመጡ ዑመር ለልጃቸው የሰጡትን መልስ አስታውሱ።

አያቶቻችን ከጌታ ደጅ ቆመው ስማቸው እስኪጠራ ጠበቁ። እኛ የምንቆመው ከሰሌዳ ፊት ነው፤ ሰሌዳው መስፈርቱን ጽፎ ያሳየናል፣ ስንበደልም የምንጠይቅበትን ወረቀት ይሰጠናል። በሚቀጥለው አርብ ገበያ ስትወጡ ከሰሌዳው ፊት ጥቂት ቆዩና ከ"ብዛት 1" በላይ የተጻፈውንም አንብቡ። የሠራችሁበት ጽሑፍ ከሆነ ለወንድምና እህቶቻችሁ አድርሱት። አላህ ሐላል ሲሳይ ይስጠን፣ በአማናችንም ያጽናን። ወቢላሂ ተውፊቅ።